ያፏጭ የነበረው ግራር

ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ እውነት ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ይሄን ሲያነብ እንደሚስቅ አውቃለሁ። «ሊባን ማለ? በቃ ጉድ ፈላ» ይላል። ይበል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተጣልተን የተለያየን ሰው ነኝ። ባጃጅ ነው የምነዳው፤ ከሳቢያን ተነስተን መጋላ እስክንደርስም ለተሳፋሪ ሦስት ውሸት አወራለሁ፤ መንገድ ከተዘጋ አምስት ይሆናል። ይሄኛው ግን ከዚያ ክምር አይደለም። ይሄ የሚያፏጭ ዛፍ ታሪክ ነው። ዛፉን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ በእጄም ነክቼዋለሁ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከመንካቴ ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ጎረቤታችን ሂንዳ አንዲት ነጭ ዶሮ ነበረቻት። እናቴ ለእጇ የበጠበጠችውን ሂና ሰርቄ ዶሮዋን ከአንገት እስከ ጅራት ቀባኋት። ለሰፈሩ ልጆችም «ከጅቡቲ በባቡር የመጣች ናት፣ ፈረንሳይኛ ካልሆነ አትሰማም» አልኳቸው። ሂንዳ «ዶሮዬ ጠፋች» ብላ ሦስት ቀን ሰፈሩን ስታስስ ዶሮዋ እግሯ ሥር ነበረች። ነገሩ ሲታወቅ አባቴ አልገረፈኝም። «ትምህርት እስኪከፈት ገጠር፣ ጀልዴሳ፣ ኤዶ ደሄቦ ጋ ትቀመጣለህ፤ እዚያ የሚቀባ ነገር የለም» አለ።

ኤዶ በሶማሌኛ የአባት እህት ማለት ነው። እሷም መልሳ እኔን «ኤዶ» ትለኛለች፤ እኛ ጋ አጠራሩ ደርሶ መልስ ነው። ልጅ የላትም፣ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ያላት ነገር ፍየሎቿ፣ በአሸዋማው ወንዝ ዳር ያለች ቁራጭ መሬት፣ መሬቷ ላይ ደግሞ አንድ ጉድጓድ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የሷ ጉድጓድ ውሃ አይነጥፍበትም። የግራ እጇ ሦስት ጣቶች ድሮ ተሰብረው እንደታጠፉ ቀርተዋል፤ በዚያ እጇ ስትጠራኝ የምትቆነጥጠኝ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ስትሸኘኝ ሁለት ኪሎ ስኳር ለኤዶ ላከች። ለእኔ ደግሞ «ገጠር ትንኝ ይበላዋል» ብላ ከጓዳ የበረሮ መድኃኒት ከሻንጣዬ ከተተች፤ ያቺን ተጭነው የሚነፏትን ረጅም ቆርቆሮ። ይቺን ቆርቆሮ አትርሷት።

ዛፉን ያየሁት በደረስኩ ዕለት ነው። ከኤዶ መሬትና ከዱዓሌ መሬት መካከል ለብቻው የቆመ ግራር ነው። ዱዓሌ የሟቹ ባሏ የአጎት ልጅ ነው። የዛፉ እሾሆች ከሥራቸው እንደ ሎሚ አብጠዋል፤ እያንዳንዱ እብጠት ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ አለ። ንፋስ ሲመጣ ዛፉ ያፏጫል። ወላሂ ያፏጫል! ቀጭን፣ የብዙ ሰው ፉጨት ነው፤ ባቡር ጣቢያ ልጅ ሆነን እርስ በርስ እንደምንጠራራው። እኔም መልሼ አፏጨሁለት። መልስ ሲዘገይብኝ በዱላ ቅርንጫፉን ነካ አደረግኩት።

ከየቀዳዳው ጥቁር ጉንዳን ፈሰሰ። ዱላውን ጥዬ ከመዞሬ ጆሮዬ ላይ ነበሩ። ኤዶ እየሳቀች በመቀነቷ አራገፈችልኝ። ጆሮዬ አብጦ እስከ ማታ የሌላ ሰው ጆሮ መስሎኝ ነበር።

«የሰው ቤት በዱላ ይንኳኳል እንዴ፣ ኤዶ?» አለችኝ በአማርኛ።

በነጋታው ሌላ ነገር አየሁ። ጎህ ሲቀድ ኤዶ እናቴ ከላከችው ስኳር ዘግና በጣሳ በጠበጠች። ጨርቅ እየነከረች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ታንጠባጥባለች፤ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ጉንዳኖቹ መጥተው ይጠጣሉ። ስኳሩን ለሻይ ስንሰስት እሷ ለጉንዳን! ገባኝ፤ ጉቦ ነው አልኩ። ኤዶ ጉንዳኖቹን ትፈራቸዋለች፣ እንዳይነክሷት ትለማመጣቸዋለች።

ባለፈው ወር ይትባረክ የሚባል፣ ነፍሳት የሚያጠና ሰው ባጃጄ ላይ ተሳፈረ፤ ቦርሳው በሙሉ ትናንሽ ጠርሙስ ነው። ያኔ ያየሁትን ስነግረው አስቆመኝና ወርዶ ጎኔ ተቀመጠ። ዛፉ ለጉንዳኖቹ በእሾሁ እብጠት ውስጥ ቤት ይሰጣቸዋል፣ ከቅጠሉ ሥር የሚያመነጨውን ጣፋጭም ያበላቸዋል አለኝ። እነሱ ደግሞ ፍየል፣ ግመል፣ ትል፣ ማንም ዛፉን ሊበላ ቢመጣ ይዋጉለታል። ድርቅ ሲበዛ ዛፉ ጣፋጩን ይቀንሳል፣ ጉንዳኖቹም ይሳሳሉ። «ሴትየዋ ዘበኞቹ እንዳይለቁ ደመወዝ እየከፈለች ነበር» አለ። እውነትም የዱዓሌ ግመሎች ዛፉ ጋ ሲደርሱ አንገታቸውን አዙረው ነበር የሚያልፉት። እኔ ግመሎቹ የኮሩ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ሐጂ ሞሐሙድ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ድምፁ ግን አልደከመም። ዱዓሌም መጣ። ረጅም፣ መልከ መልካም ሰው ነው፤ ለእኔ ቴምር አመጣልኝ። ቴምሩን እየበላሁ የሚሉትን ሰማሁ፤ ቀስ ብለው፣ ጮክ ብለው ስለሚያወሩ ይሄን ያህሉን ተረድቼዋለሁ። ዱዓሌ «ሟቹ ሳይሞት መሬቱን ከነጉድጓዱ በቃሉ ሰጥቶኛል» ይላል። ኤዶ «አልሰጠህም» ትላለች። ወረቀት የለም፣ የሰማ ሰው የለም።

«እንግዲህ አርብ፣ ከሶላት በኋላ» አለ ሐጂ ሞሐሙድ። «ሁለታችሁም በአላህ ትምላላችሁ። ለመሬት የሚምል ሰው እዚህ አገር የመሬቱን ምልክት በሁለት እጁ ይዞ ነው። ሦስት ጊዜ ይምላል። የለቀቀ ለቀቀ፤ ሁለታችሁም ካልለቀቃችሁ መሬቱ ለሟቹ ዘመድ ይመለሳል።»

«ምልክቱ ድንጋዩ ነው» አለ ዱዓሌ ፈጠን ብሎ።

«ድንጋዩን ጎርፍ ከወሰደው አስር ዓመቱ» አለች ኤዶ። «ምልክቱ ግራሩ ነው። ባሌም አንተም አባትህም የምታውቁት ይሄንን ነው።»

ሐጂው ራሱን ነቀነቀ። «ግራሩ ነው። እስከ አርብ ምልክቱን ማንም እንዳይነካ! የነካ ወገን መሬቱን ያለ መሐላ ያጣል።»

ዱዓሌ ቴምሩን ከእጄ ላይ መልሶ ወሰደው። ወላሂ አንዱን ፍሬ ወሰደ፤ ለራሱ በላው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ መሃድ መጣ። በፒካፕ ከጀልዴሳ ድሬ ወተትና ሰው የሚያመላልስ ጎረቤት ነው። ከኤዶ ጋር ከጎጆው በር ላይ ተቀምጠው በሹክሹክታ ያወራሉ። የእኔ ሶማሌኛ የሳቢያን ሶማሌኛ ነበር፤ ከስድብና ከምግብ ስም ብዙም አያልፍም። ከሚፈሰው ወሬ ላይ የለቀምኩት ይሄን ነው፤ ጉንዳን፣ ጉሮሮ፣ ሆስፒታል፣ አርብ። መሃድ በሁለት እጁ የራሱን ጉሮሮ አነቀ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ምላሱን አወጣ። ከዚያ ኤዶ የታጠፉ ጣቶቿን አየቻቸው፤ «አላህ ያውቃል» አለች። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ዝም አሉ።

ልጅ ሆነህ አዋቂዎች ሲያዩህ ዝም ካሉ ነገሩ ያለቀ ነው። ገጣጠምኩት። አርብ ኤዶ ግራሩን ትይዛለች፤ ጉንዳኖቹ ይነክሷታል፣ ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ መሃድም ሆስፒታል ሳያደርሳት ትሞታለች።

መሃድ ያኔ ያወራ የነበረው ስለ ዱዓሌ ነው። ይሄን ያወቅኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ሁለት ጉንዳን አንገቱ ላይ ነክሰውት ዱዓሌ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ፣ መሃድ በፒካፑ ድሬ ሆስፒታል ያደረሰው በአላህ ተአምር ነው። ሰውየው ያንን ዛፍ በጣቱ እንኳ እንደማይነካ ጀልዴሳ ሙሉ ያውቃል። አይነካም፤ ካልነካ አይምልም፤ ካልማለ መሬቱ የኤዶ ነው። ለዚህ ነበር ስኳሩ።

ሐሙስ ጠዋት ኤዶ እጇን ቅቤ እየቀባች አገኘኋት።

«ኤዶ፣ ትፈሪያለሽ?» አልኳት።

ሰማይ ሰማዩን አየች። «እኔ የምፈራው ዝናብ ነው። ዝናብ ከመጣ ከቤታቸው አይወጡም።»

ልጅ እንዳይደነግጥ የምትዋሽ መሰለኝ። እኔ ውሸት አውቃለሁ፤ በዚህ አልታማም። የሷ ግን ውሸት አልነበረም።

ሐሙስ ቀትር ላይ ጀልዴሳ ይሞታል። ሰውም ፍየልም ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፤ አየሩ እንደ ጋለ ቆርቆሮ ይጮሃል። ኤዶ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ ተኝታለች። ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ እየገባ እየወጣ ነው፣ ጉሮሮዋ ገና አልተዘጋም። ሻንጣዬን ከፍቼ ቆርቆሮዋን አወጣሁ።

«ማንም እንዳይነካ» የሚለው ቃል ትዝ ብሎኛል። እኔ ግን ዛፉን አልነካሁም፤ ነፋሁበት እንጂ። ስምንት ዓመት ላይ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ጣቴ እስኪደነዝዝ ነፋሁ። ግንዱን ዞርኩት፣ ዝቅ ያሉትን ቅርንጫፎች አጠብኳቸው፣ በየቀዳዳው አፍ ጠጋ እያደረግኩ ጨመርኩ። ሽታው የጓዳችን ሽታ ነበር፣ የቤቴ ሽታ። ጉንዳኖቹ መጀመሪያ ተተረማመሱ፣ ከዚያ እንደ ጥቁር አዝሙድ አሸዋው ላይ ረገፉ። እኔ ላይ የደረሰ አንድም አልነበረም። ቆርቆሮዋ ባዶ ስትተነፍስ ንፋስ መጣ፤ ዛፉም አፏጨ። ያመሰገነኝ መሰለኝ። ቆርቆሮዋን ከፍየሎቹ በረት ጀርባ ቀበርኳት።

ማታ ኤዶ ወተት ስትሰጠኝ አፍንጫዋን ወደ ሸሚዜ ጠጋ አደረገች።

«ምን ይሸታል?»

«የትንኝ ነው። እናቴ የሰጠችኝ።»

«እም» አለችና ወተቱን ሰጠችኝ። እንደዚያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

አርብ ከሶላት በኋላ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ፣ ሌላው ራቅ ብሎ፤ ዛፉን ማንም አይጠጋውም። ዱዓሌ ከሁሉም ኋላ ቆሟል፤ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ አንገቱ ግን በላብ ረጥቧል። መሃድ የፒካፑን አፍንጫ ወደ ድሬ አዙሮ አቁሞታል። ለኤዶ ነው አልኩ በልቤ። ፒካፑን ግማሽ ሰው እያየ ፈገግ ይላል፤ ይሄ ደግሞ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

«ደሄቦ፣ ቀድመሽ ያዢ» አለ ሐጂ ሞሐሙድ።

ኤዶ እጅጌዋን ሰብስባ ሄደች። ግንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ታች አየች። አሸዋው ጠቁሯል። ጀርባዋን ለሽማግሌዎቹ ሰጥታ ስለነበር ከጎን ያለሁት እኔ ብቻ አየኋት። በእግሯ ጣት አሸዋ ገፋ፣ ገፋ እያደረገች የሞቱትን ሸፈነች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ግንዱ አስጠጋች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

ረጅም አልነበረም። ጫማህን ለማሰር የሚወስድብህን ያህል ነው። እኔ ፈገግ አልኩላት።

እሷ ዛፉን በሁለት እጇ አቅፋ «ወላሂ ባሌ ይሄን መሬት ለማንም አልሰጠም» አለች። ወዲያው ፊቷን አጨማደደች። ሁለተኛውን ስትምል «አህ!» ብላ አንገቷን ጨበጠች፣ መልሳ ያዘች። በሦስተኛው ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ ወረደ። ለቃ ስትመለስ ክንዷን ታራግፋለች፣ ትመታለች፣ ትቧጥጣለች።

«አላህ ያጽናሽ» አሉ ሽማግሌዎቹ።

እኔ ግራ ገባኝ። ምንም የለም! ሁሉንም ገድያቸዋለሁ! ፍርሃት ነው አልኩ፤ ኤዶ በፍርሃት ብቻ ያልነከሳት ነክሷት ጉሮሮዋ ሊዘጋ ነው።

«ዱዓሌ» አለ ሐጂው።

ዱዓሌ ሦስት እርምጃ መጣና ቆመ። ኤዶ ክንዷን ስታክክ አየ። ከንፈሩ ነጥቷል። «ሐጂ» አለ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኗል፤ «ሐጂ፣ እኔ... ነገሩን ካሰብኩት... ለወንድሜ ሚስት...»

ሊለቅ ነበር። አሁን ሳስበው፣ አንድ ቃል ነበር የቀረው።

እኔ ግን የማየው ኤዶን ብቻ ነው፤ ጉሮሮዋን ይዛለች። ሮጥኩ። በሰዎቹ መሃል አልፌ፣ ግራሩን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ጉንጬን ቅርፊቱ ላይ ለጥፌ በአማርኛ ጮህኩ፤ «ኤዶ፣ አትፍሪ! አይነክስም! እዪኝ፣ አይነክስም!»

ሃያውም ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ልጁን አንሱት» አለ ሐጂው። መሃድ አነሳኝ። ዓይኔን አየ፣ ጆሮዬን አገላበጠ፣ አንገቴን ፈተሸ፤ አንድም የተነከሰ ቦታ የለም። መሃድ ኮሌታዬን ስቦ አንገቴን ሸፈነው። ዱዓሌ ግን አየ። ከንፈሩ ላይ ደሙ ሲመለስ አየሁት፤ ቀስ ብሎ፣ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚሞላ።

«ምን እያልክ ነበር ዱዓሌ?» አለ ሐጂው።

«እምላለሁ» አለ ዱዓሌ።

እጅጌውን ሰበሰበ። ግንዱን በአንድ ጣት ነካ፣ ጠበቀ፤ ከዚያ በመዳፉ፤ ከዚያ አቀፈው። «ወላሂ ሰጥቶኛል» አለ። አንድ። ኤዶ እጇን ከጉሮሮዋ ላይ አወረደች። «ወላሂ ሰጥቶኛል።» ሁለት። የመሃድን ልብ በጀርባዬ እሰማዋለሁ። ሦስተኛውን ሊል አፉን ሲከፍት ነው።

የእኔ ቆርቆሮ የደረሰችው ቁመቴ እስከደረሰበት ነው። ዛፉ ደግሞ ከእኔ አራት እጥፍ ይረዝማል። ከላይ፣ ከጫፍ፣ መድኃኒቱ ካልነካቸው ቤቶች ሁሉ ጉንዳን ወረደ። እንደ ገመድ ተቀጣጥለው ወረዱ! ነጩ ሸሚዝ ጠቆረ። ዱዓሌ «ወላ—» እንዳለ ቃሉን ዋጠና ግንዱን ለቆ ሮጠ። ኮፍያው ወደቀ፣ ነጠላ ጫማው ቀረ፣ የገዛ ግመሎቹ ደንብረው ተከተሉት። መሃድ እኔን ጥሎ ወደ ፒካፑ ሮጠ። ሐጂ ሞሐሙድ በዚያ በማይደክም ድምፁ «ለቀቀ! መሬቱ የደሄቦ ነው!» አለ።

ይሄን ነው ለተሳፋሪ የማወራው። ከሳቢያን እስከ መጋላ ልክ ይበቃል።

ይትባረክ ይሄን ሰምቶ ዛፉን ካላየሁ አለ። እንቢ ስለው ሴትየዋን አለ። ቤት ወስጄ ከኤዶ ጋር አገናኘሁት። አዎ፣ በሕይወት አለች፤ ከኋላ ባለችው ክፍል ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ነዎት እርስዎ?» ሲላት ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት ዞር አለች፤ ድሬ ላይ «አንቱ» ሰምታ አታውቅም። ሻይ ሰጠችው።

«ዛፉ አሁንም አለ?» አላት።

«ደርቋል» አለች። «በዚያው ዓመት። ግመሎች በሉት፣ ቀሪውን ትል።»

ይትባረክ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጉንዳኖቹ ከነበሩ ግመል አይበላውም እኮ» አለ። ከዚያ ክፍሏን፣ አልጋዋን፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን የሂንዳን ግንብ አየ። «ደግሞ... መሬቱ የእርስዎ ከሆነ፣ ለምን ጥለውት መጡ?»

እኔ ባጃጁን ያቆምኩበት ቦታ ሊያስቀጣኝ እንደሚችል ትዝ አለኝ። ኤዶ ግን ሳቀች። በታጠፉት ጣቶቿ እኔን እያሳየች «ይሄ ብቻውን ከተተወ ዶሮ ይቀባል። ማን ይጠብቀው?» አለች።

ይትባረክን ሸኝቼ ስመለስ ብርጭቆዎቹን እያጠበች ነበር።

«ዛሬ ጉንዳኖቹን ስንት አደረግካቸው?» አለችኝ ሳትዞር።

«አምስት ሺህ።»

«ባለፈው አራት ሺህ ነበሩ።»

«ተዋልደው ነው፣ ኤዶ።»

ትከሻዋ በሳቅ ተንቀሳቀሰ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለዚያች ቆርቆሮ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። የዚያን ዕለት «ዛፉ መርዝ ተነፍቶበታል» ብትል ሐጂው «ማን ነካው?» ይል ነበር፤ የነካው የሷ ወገን ነው፣ መሬቱ በዚያም በዚህም ይሄዳል። ልዩነቱ፣ እንዲያ ብትል የእኔ ስም አብሮ ይሄድ ነበር። አርብ ማታ ፍየሎቿን ለመሃድ ሰጥታ፣ እኔን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በፒካፑ ድሬ ገባን። መንገዱን ሙሉ እጇ ጭንቅላቴ ላይ ነበር።

ሲጀመር ምያለሁ፤ መሐላዬን አላነሳም። ዶሮዋም፣ ስኳሩም፣ ፉጨቱም፣ ዱዓሌ መልሶ የወሰዳት ቴምርም እውነት ናቸው። የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዱዓሌ ሦስተኛውንም ሲምል ከላይ የወረደ ጉንዳን አልነበረም።